«ቀላል ክስ ነው» የተባለው ልጅ

ባለፈው ዓመት ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ የሰማሁት ነገር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። የወዳጃችን ልጅ ተከሶ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ልጁ አስራ ስምንት ዓመት ከሞላው ገና ጥቂት ወሩ ነው። የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ጃኬቱ ሲፈተሽ ኪሱ ውስጥ ዛናክስ የሚባል የጭንቀት መድኃኒት ሁለት ክኒኖች ተገኙ። የሐኪም ማዘዣ አልነበረውም። ክሱ ይኸው ነው።

ከዐቃቤ ሕጉ ቢሮ የመጣው ሰው ትሁት ነበር። «ልጁ ጥሩ ልጅ ይመስላል» አለን። «እስር አንጠይቅበትም። ዛሬ ጥፋተኛ ነኝ ይበልና ኮርስ ይውሰድ፤ ዓመቱን ከጥፋት ርቆ ከጨረሰ መዝገቡ ይዘጋል። ቀላል ክስ ነው።» እኔ እየተረጎምኩ እናትየው ነጠላዋን አስተካክላ «ተመስገን!» አለች። ሌሊት ሠርታ ሳትተኛ ነው የመጣችው። ዓይኖቿ ቀልተዋል። ጉዳዩ በዚያው አልቆ ወደ ቤቷ ብትሄድ ደስታዋ ነበር።

ሰውየው አልዋሸንም። ያለው ሁሉ በቨርጂኒያ ሕግ የሚሠራ ነው። ግን ልጁ በዚያ ጠዋት «እሺ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ወደ ኢትዮጵያ የሚመልሰውን በር በገዛ አፉ ይከፍት ነበር። ይህንን የሚያውቅ ሰው በአጠገባችን ባይኖር ማን ይነግረን ነበር? እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ጥያቄ ነው።

«ልጁ ዜጋ ነው?»

አግዳሚው ላይ ከጎናችን ሸምገል ያሉ ሴት ጠበቃ ተቀምጠው የሌላ ሰው ጉዳይ ይጠብቃሉ። ጉልበታቸው ላይ ፋይል ተከምሯል። ንግግራችንን ሰምተው ኖሮ ሰውየው ዞር ሲል ወደ እኔ ጠጋ አሉና ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ።

«ልጁ የአሜሪካ ዜጋ ነው?»

«አይደለም። ግሪን ካርድ ነው ያለው። ከእናቱ ጋር በዲቪ ነው የመጡት።»

ፊታቸው ተለወጠ። «እንግዲያው ዛሬ ምንም እንዳይል። ዳኛው ስሙን ሲጠሩት ጠበቃ የምይዝበት ጊዜ ይሰጠኝ ይበል። ከዚያ ውጭ ስለ ክኒኑ አንድ ቃል እንዳይተነፍስ። አንድም ቃል።»

ለእናትየው ነገርኳት። ግራ ገባት። «እንዴ ወንድሜ! ሰውየው አይታሰርም አለን እኮ! ለምን ነገሩን እናካብዳለን?»

ጠበቃዋ ጥያቄዋን ስተረጉምላቸው የሰጡት መልስ እኔንም አስደነገጠኝ። በቨርጂኒያ ሊያሳስር በሚችል ክስ ላይ አቅም የሌለው ሰው መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። እንዲህ ያለ ክኒን መያዝ እስከ ስድስት ወር እስርና እስከ 1000 ዶላር መቀጮ ያስቀጣል፤ ስለዚህ ልጁ ጠበቃ የማግኘት መብት አለው። ዐቃቤ ሕጉ እስር እንደማይጠይቅ ካሳወቀና ዳኛው ይህንኑ በጽሑፍ ካሰፈሩ ግን መንግሥት ጠበቃ የማቆም ግዴታ የለበትም። ልጁ ብቻውን ይቆማል። እኛ «ተመስገን» ያልንበት ደግነት ጠበቃውን ሊያሳጣው ይችል ነበር ማለት ነው።

የልጁ ስም ተጠራ። እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። የተባለውን አለ፤ «ጠበቃ የምይዝበት ጊዜ እፈልጋለሁ።» ዳኛው ካላንደር አዩና ቀጠሮ ሰጡት። በቃ። ከዚያ ጠዋት ሥራ ሁሉ የልጁን ሕይወት ያዳነችው ያቺ አጭር ንግግር ናት ብዬ አምናለሁ። ማንም አልተቆጣውም። ማንም «ለምን?» ብሎ አልጠየቀውም። ለመጠየቅ ግን መጠየቅ እንደሚቻል ማወቅ ያስፈልጋል፤ እኛ አላወቅንም ነበር።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ እናቶቻችን። ፍርድ ቤት ስንሄድ ደግሞ ሁላችንም እንቸኩላለን። ከሥራ አስፈቅደን ነው የምንሄደው። አበሻ እንዳያየን እንፈራለን። ቶሎ ይለቅ፣ ቶሎ ይዘጋ ነው የምንለው።

ስቴቱ የረሳውን ኢሚግሬሽን አይረሳም

ከዚያ በኋላ ነገሩን በደንብ ለመረዳት ብዙ አነበብኩ፤ የያዝነውን ጠበቃም በጥያቄ አሰለቸሁት። የተረዳሁት ይህ ነው።

ቨርጂኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደንዛዥ ዕፅ ለተያዘ ሰው ዕድል የሚሰጥ ሕግ አላት። ዳኛው ፍርዱን ያዘገያል፤ ሰውየው ኮርስ ይወስዳል፣ ይመረመራል፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት ይሰጣል። ሁሉን ከፈጸመ ክሱ ይሰረዛል። ለዜጋ ልጅ ጥሩ ሕግ ነው።

የፌደራል ኢሚግሬሽን ሕግ ግን የራሱ መለኪያ አለው። በፈረንጆቹ 1996 በወጣው ሕግ መሠረት አንድ ሰው ጥፋተኛ ነኝ ካለ ወይም ለጥፋተኝነት የሚበቃ ነገር ካመነ፣ ዳኛውም ማንኛውንም ዓይነት ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለበት፣ ጥፋተኛ ተብሎ ተፈርዶበታል። ስቴቱ በኋላ ክሱን ቢሰርዘውም ለኢሚግሬሽን ፍርዱ እንዳለ ይቆያል። ፕሮቤሽኑም (በፍርድ ቤት ክትትል ሥር መቆየቱም) ኮርሱም እንደ ቅጣት ይቆጠራል። ልጁ ዓመቱን ሙሉ የታዘዘውን ሁሉ ፈጽሞ፣ ሰርተፊኬቱን ተቀብሎ፣ መዝገቡ ተዘጋ ተብሎ፣ ከዓመታት በኋላ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ደለስ ኤርፖርት ላይ ሊያዝ ይችላል።

ክኒን ነው ደግሞ። ኢሚግሬሽን በአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ አንዲት ጠባብ ምሕረት ነው ያለችው፤ ለራስ መጠቀሚያ የተያዘ 30 ግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ማሪዋና፣ ያውም ለአንድ ጊዜ ብቻ። አንዲት የዛናክስ ክኒን ግን በዚህች ቀዳዳ አታልፍም። ብዙ ወላጆች ይህንን ሲሰሙ አያምኑም። እኔም ሲነገረኝ ደጋግሜ ነው ያረጋገጥኩት።

በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰ አንድ ጉዳይ አለ። ከቱኒዚያ የመጣ የግሪን ካርድ ባለቤት ካንሳስ ውስጥ ተይዞ ካልሲው ውስጥ አደራል የሚባል የትኩረት ማጣት መድኃኒት አራት ክኒን ተገኘበት። የተፈረደበት በካልሲው ነው፤ ዕፅ መደበቂያ ዕቃ ይዞ ተገኝቷል ተብሎ። በዚህ ምክንያት ከአገር አስወጡት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኋላ መባረር አልነበረበትም ብሎ ፈረደለት። ሰውየው ግን ከተባረረ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር።

ስለ ማሪዋናም አንድ ነገር ልበል፤ ልጆቻችን «ቨርጂኒያ ፈቅዳለች» ስለሚሉ። ከ2021 ጀምሮ የተፈቀደው 21 ዓመት ለሞላው ነው። ከዚያ በታች ላለ ልጅ መቀጮና የግዴታ ኮርስ አለው። ፌደራል መንግሥት ደግሞ ለማንም አልፈቀደም፤ ዜግነት የሚያመለክት ሰው በስቴቱ ሕግ ተፈቅዶለት ቢያጨስ እንኳ ማመልከቻው ሊወድቅበት ይችላል። ጫትስ? እርጥብ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌደራል ሕግ ከሄሮይን ጋር አንድ ምድብ ውስጥ ነው የተመዘገበው። እሁድ ከሰዓት አባቶች ሳሎን ተቀምጠው የሚቅሙትን ቅጠል ልጁ መኪና ውስጥ ቢይዙበት ክሱ የአደንዛዥ ዕፅ ክስ ነው። ይህን ጉዳይ በየቤታችን ልናነሳው ይገባል።

አሁን ወደሚያስገርመኝ ነገር ልምጣ። በ2011 መቀመጫውን ሪችመንድ ያደረገው የፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ይህንኑ የቨርጂኒያ ሕግ መረመረ። የዚያ ጉዳይ ባለቤት «ጥፋተኛ አይደለሁም» ብሎ ነበር የቆመው። ዳኛው ማስረጃው ለጥፋተኝነት ይበቃል አሉ፤ ግን ፍርዱን አዘገዩለት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሰውየው ራሱ ስላላመነ በኢሚግሬሽን ሕግ ጥፋተኛ አይባልም ብሎ ወሰነ።

አስቡት። ሁለት ልጆች አንድ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ሁለቱም ያንኑ ኮርስ ይወስዳሉ፤ ሁለቱም ያንኑ ምርመራ ያደርጋሉ፤ በዓመቱ የሁለቱም ክስ ይሰረዛል። አንደኛው «ጥፋተኛ ነኝ» ብሎ ጀመረ፣ ሌላኛው «አይደለሁም» ብሎ። አንደኛው ሊባረር ይችላል፤ ሌላኛው ዜጋ ሆኖ ልጆች ያሳድጋል። ይህንን ልዩነት አንድ የአስራ ስምንት ዓመት ልጅ ኮሪደር ላይ ቆሞ ከየት ያውቀዋል?

ጠበቃው ማወቅ ግዴታው ነው። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህንን በግልጽ ወስኗል። ያ ጉዳይ አርባ ዓመት ያህል አሜሪካ የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት የተሰለፈ የሆንዱራስ ሰው ጉዳይ ነበር። ጠበቃው «እዚህ ይህን ያህል ጊዜ ስለኖርክ ስለ ኢሚግሬሽን አታስብ» ብሎት ጥፋተኛ ነኝ አለ። ምክሩ ስህተት ነበር። ከዚያ ውሳኔ ወዲህ ማንኛውም የወንጀል ጠበቃ ዜጋ ያልሆነ ደንበኛውን ስለመባረር አደጋ ማስጠንቀቅ አለበት። ግን ለማስጠንቀቅ መጀመሪያ ጠበቃ መኖር አለበት። ልጁ ዜጋ አለመሆኑንም ጠበቃው ማወቅ አለበት። በአሜሪካዊ እንግሊዝኛ ጥርት አድርጎ የሚያወራ ልጅ ሲያይ እዚሁ የተወለደ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ባይጠይቅም ንገሩት።

«እውነቱን ተናገር» ብለን ያሳደግነው ልጅ

ልጁ የተያዘ ዕለት ከምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ለእናቱ ደውሎ ነበር። «ያጠፋኸውን ሁሉ ንገራቸው፣ ይቅርታ ጠይቃቸው» አለችው። ሌላ ምን ትበል? ሁላችንም እንዲህ ነው ያደግነው። ሽማግሌ ፊት እውነቱን ያወጣ ልጅ ይማራል።

ልጁ ግን ፈርቶ ዝም አለ። ወረቀትና እስክሪብቶ አቅርበውለት ነበር፤ ምን እንደሆነ ጻፍ ብለው። ስሙን ጻፈና ቆመ። በኋላ ቤት ሆነን ሲነግረን ሊጽፍ ያሰበው «አንዱን ለጓደኛዬ ልሰጠው ነበር» የሚል ነው። ይህንን ከጻፈ እውነተኛና ደግ ልጅ የሚመስል መስሎታል። በሕግ ዓይን ግን ለጓደኛ መስጠት ማከፋፈል ሊባል ይችላል። የማከፋፈል ነገር ደግሞ በኢሚግሬሽን ዘንድ ጥርጣሬው ብቻ፣ ፍርድ እንኳ ሳይኖር፣ በር ሊዘጋ ይችላል። ያ ባዶ ወረቀት ትልቅ ውለታ ነው የዋለለት።

አሜሪካ ውስጥ ዝም ማለት መብት ነው። ለትልልቆች በ1966 ተረጋግጧል፤ ለልጆች ደግሞ በ1967። «ጠበቃ ሳላናግር አልናገርም» ማለት ብልግና አይደለም። ልጆቻችን ይህንን በትሕትና መናገር መለማመድ አለባቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ሳይታገሉ፣ ሳይዋሹ። መዋሸት ሌላ ጣጣ ነው። ዝምታ ግን ውሸት አይደለም።

ይህ ማለት እውነቱ የትም አይነገር ማለት አይደለም። ለእናቱ ይንገር። ለጠበቃው ይንገር። ለንስሐ አባቱ ይንገር። ለሐኪም ይንገር። በተለይ ለሐኪም! ዛሬ መንገድ ላይ ዛናክስ ተብሎ የሚሸጠው ክኒን ብዙ ጊዜ የውሸት ነው። ውስጡ ፌንታኒል የሚባል እጅግ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ የተቀላቀለበት አለ፤ አንዷ ልትገድል ትችላለች። እናትየው ይህንን ስትሰማ ነው ያለቀሰችው። ስለ ፍርድ ቤቱ አላለቀሰችም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ ግን እንደብቃለን። ይቺ እናት ለእኔ ለመናገር ሳምንት ፈጅቶባታል። ለቤተ ክርስቲያን ሰው እንዳትነግርብኝ ብላ አስምላኛለች። እኔ ደግሞ በሥራዬ ምክንያት ስንት ወላጅ ብቻውን ፈርሞ እንደመጣ ሰምቻለሁ። ስንት ልጅ ግሪን ካርዱን ለማሳደስ ሄዶ ነው የድሮ ክሱን የሰማው። ሰው አማክረው ቢሆን ይድኑ ነበር። ስለ ልጅ ክስ ማፈር ሌላ፣ ልጅን ማጣት ሌላ።

ጠበቃው ያደረገው

ለጠበቃ የሚሆን ብር የተገኘው ከዕቁብ ነው። ተራው የሌላ ሴት ነበር፤ ምክንያቱን ሳትጠይቅ ለቀቀችላት። እግዚአብሔር ይስጣት።

ጠበቃው መጀመሪያ ፍተሻውን አየ። ተስፋው ትንሽ ነበር። ትምህርት ቤት ተማሪን ለመፈተሽ እንደ ፖሊስ ጠንካራ ምክንያት አያስፈልገውም፤ በቂ ጥርጣሬ ካለው ይበቃል። ይህ ከ1985 ጀምሮ የጸና ነው። ቀጥሎ ክኒኑ በላቦራቶሪ ተመርምሮ እንደሆነ አጣራ። አልተመረመረም ነበር። እዚህ ላይ እናትየው «ይመርመር በላቸው!» አለች። ጠበቃው እጁን አነሳ። ክኒኑ ፌንታኒል ሆኖ ቢገኝስ? ያኔ ክሱ ቀላል ክስ መሆኑ ይቀርና ከባድ ወንጀል ይሆናል። ሁሉንም በር ማንኳኳት ጥሩ አይደለም፤ የቱን መቼ እንደሚነካ የሚያውቅ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

የመረጠው መንገድ ይህ ነበር። ልጁ ማንም ሳያዝዘው፣ ፍርድ ቤትም ሳይፈርድበት፣ በራሱ ፈቃድ የሱስ ምርመራ አደረገ፤ ኮርስ ወሰደ። ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ደብዳቤ መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለችግረኞች ምግብ ያድላል፤ የዚያም ማስረጃ ተያያዘ። ጠበቃው ይህንን ሁሉ ይዞ ሄዶ ዐቃቤ ሕጉን አነጋገረ። «ልጁ ልታዙት የነበረውን ሁሉ ሠርቶታል። ጥፋተኛ ካስባላችሁት ግን ቅጣቱ ከእናቱ መለየት ነው።» ክሱ እንዲነሳ፣ ካልሆነም ከዕፅ ጋር ወደማይገናኝ ቀላል ጥፋት እንዲቀየር ጠየቀ። ሁለቱም እምቢ ከተባለ «ጥፋተኛ አይደለሁም» ብሎ ዕድሉን መጠየቅ የመጨረሻው መጠጊያ ነበር።

ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አነሳ። ያ ኮሪደር ላይ ያገኘነው ትሁት ሰው ነው ያነሳው። ለዚህ ነው በእርሱ ቂም የሌለኝ። ስለ ግሪን ካርዱ ቢያውቅ መጀመሪያም ሌላ ነገር ይለን ነበር ይሆናል። አልጠየቀም፤ መጠየቅም ሥራው አልነበረም።

አስራ ስምንት ሳይሞላ

ይህ ነገር ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ቢከሰት ታሪኩ ሌላ ነበር። ጥፋቱ ሲፈጸም አስራ ስምንት ያልሞላው ልጅ ጉዳይ ወደ ልጆች ፍርድ ቤት ይሄዳል። እዚያ መጀመሪያ የሚያየው የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ ነው፤ ለመጀመሪያ ቀላል ጥፋት መዝገብ ሳይከፍት በምክርና በኮርስ ሊጨርሰው ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። ቢፈረድበት እንኳ የልጆች ፍርድ ቤት ውሳኔ በኢሚግሬሽን ሕግ የወንጀል ፍርድ አይደለም፤ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ2000 ወስኖታል። ልጁ እንደ ትልቅ ሰው ወደ ትልቁ ፍርድ ቤት ከተላከ ግን ይህ ከለላ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ከለላ ደግሞ አለ። ከየካቲት 2001 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ልጅ አስራ ስምንት ሳይሞላው አብሮት የሚኖረውና በሕግ የሚያሳድገው እናቱ ወይም አባቱ ዜጋ ከሆነ፣ ልጁም በዚያው ቅጽበት ዜጋ ይሆናል። ፈተና የለውም፤ መሐላ አያስፈልገውም። ዜጋ ደግሞ በክኒን ምክንያት አይባረርም። አንዳንድ ልጅ ዜጋ ሆኖ ሳያውቀው ግሪን ካርድ ይዞ ይዞራል፤ ወላጆቹ ፓስፖርት ስላላወጡለት ብቻ።

ይቺ እናት አምስት ዓመቷ ካለፈ ቆይቷል። ልጇ አስራ ሰባት ሳለ ማመልከት ትችል ነበር። «እንግሊዝኛዬ ትንሽ ይሻሻል፣ ብሩም ይጠራቀም» ስትል ልደቱ አለፈ። ይህንን ስነግራት ዝም አለች። አልወቀስኳትም። በፈረቃ እየሠራች፣ ብቻዋን ሁለት ልጅ እያሳደገች፣ ማን ነግሯት? በየሬዲዮው ስለ ዲቪ እንሰማለን፣ በየፌስቡኩ ስለ ታክስ። ስለ አስራ ስምንተኛው ልደት የሚነግረን የለም።

አሁን የልጁ የፍርድ ቤት ወረቀት፣ ክሱ እንደተነሳ የሚያሳየው፣ ማኅተም ያለበት ኮፒ በብዛት ወጥቶ ቤት ተቀምጧል። ጠበቃው መዝገቡን ለማሰረዝ ከማመልከታችን በፊት ነው ያስወጣን። ዜግነት ሲያመለክት ቅጹ የተሰረዘውንም ክስ ይጠይቃል፤ መዝገቡ ከጠፋ በኋላ ማስረጃው ከየት ይመጣል? ትንሽ እህቱ ደግሞ አስራ አራት ዓመቷ ነው። እናትየው የዜግነት ማመልከቻዋን አስገብታለች፤ ማክሰኞ ማክሰኞ የዜግነት ፈተናውን ጥያቄዎች የምታጠያይቃት ልጅቷ ናት።